ወደቡ ከመሠራቱ በፊት እዚያ ምን ነበር?

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ አንድ የተሳሳተ መልስ ነው። መልሱን የሰጠሁት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ። ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ወደቦች ሳስተምር፣ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ካርታ ነደፍኩና ከኬንያዋ ላሙ ተነሥቶ በኢሲዮሎና በሞያሌ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቅ ቀይ መስመር አሰመርኩ። መስመሩ አምሮ ነበር። ታዲያ ከወደ ኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ወደቡ ከመሠራቱ በፊት እዚያ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰዓቱ እያለቀብኝ ስለ ነበር፣ «ምንም፤ ባሕር ብቻ ነው» ብዬ አለፍኩ። ልጅቷ በደብተሯ ላይ ጻፈች። ምን እንደ ጻፈች ሄጄ ባላይም አላጣሁትም፤ «ምንም» ብላ ነው።

ማታ በመኝታ ክፍላችን ነገሩን ሳነሣ አንድ ጓደኛዬ ሳቀና፣ «ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር ዓሣ ምን አስጨነቀን? ወደቡ ይሠራ፣ ዕቃችን ይግባ፣ አለቀ!» አለኝ። ብዙዎቻችን የምንለው ይህንኑ ነው። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲሁ ነበርኩ። በኋላ ግን ስለ ላሙ የተጻፈውን ፈልጌ ሳነብ፣ «ምንም» ያልኩት ቃል ምን ያህል ስሕተት እንደ ሆነ ተረዳሁ። ስለዚህ በዚህ ዓምድ ሐሳቤን ለመግለጽ እወዳለሁ፤ ይኸውም በወደብ የሚጠቀም ሁሉ፣ የራሱ ባሕር ይኑረው አይኑረው፣ ወደቡ ከመቆፈሩ በፊት በዚያ ቦታ ምንና ማን እንደሚኖር የመጠየቅ ግዴታ አለበት የሚል ነው።

ለመሆኑ እዚያ ምን ነበር? ላሙ በኬንያ ሰሜናዊ ጠረፍ የምትገኝ ደሴት ናት። አሮጌው የስዋሂሊ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በአካባቢው ባሉት ደሴቶችና የውሃ መተላለፊያዎች ዳር ማንግሮቭ የሚባለው ዛፍ በሰፊው ይበቅላል፤ ከመላው የኬንያ ማንግሮቭ ደን ከግማሽ በላይ የሚሆነው በዚሁ በላሙ ወረዳ ነው። ማንግሮቭ ሥሩን ጨዋማ ጭቃ ውስጥ ሰድዶ ይቆማል፤ ባሕሩ ሲሞላ ይጠመቃል፣ ሲጎድል ሥሩ ይታያል። በተጠላለፈው ሥሩ መካከል ገና ያላደጉ ዓሦችና ሸርጣኖች ከትልልቆቹ ተሸሽገው ያድጋሉ። እኛ መምህራን ልንሆን የተነሣን ሰዎች የባሕር መዋዕለ ሕፃናት ብንለው አናጋንንም። ከዚያ ወደ ጥልቁ ሲወጣ የባሕር ሣር አለ፤ እሱን ደግሞ የባሕር ኤሊና የባሕር ላም የሚባለው ዱጎንግ ይግጡታል። ዱጎንግ በኬንያ የቀረው በጣም ጥቂት ነው። ለነዚህ ፍጥረቶችና ለኮራሉ ጥበቃ ሲባል ከላሙ በስተሰሜን የኪዩንጋ የባሕር ጥብቅ ክልል እ.ኤ.አ. በ1979 ተቋቁሟል። ይህ ሁሉ እንግዲህ በኔ መልስ «ምንም» ነበር።

ወደብ ሲሠራ ምን እንደሚሆንም ማወቅ ያስፈልጋል። ትልቅ መርከብ እንዲገባ የባሕሩ ወለል ይቆፈራል። ሲቆፈር ጭቃው ይነሣል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ የፀሐይ ብርሃን ወደ ታች መድረስ ያቅተዋል። ኮራልም የባሕር ሣርም ያለ ብርሃን አይኖሩም። የሰፈረው ደለል ደግሞ ኮራሉን እንደ አቧራ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። ማንግሮቭ ከተቆረጠ ዓሣው የሚያድግበት ቦታ ያጣል፤ ጉዳቱ ግን በዚያው ቀን አይታይም። አስጋሪው ከጥቂት ዓመታት በኋላ መረቡን ሲስብ ይቀለዋል፤ ያን ጊዜ ነው የሚያውቀው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንምጣ። የላሙ ወደብና ከሱ የሚነሣው የመጓጓዣ መስመር እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 2012 ሲመረቅ የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች፣ ማለትም ምዋይ ኪባኪ፣ መለስ ዜናዊና ሳልቫ ኪር በቦታው ተገኝተው ነበር። ይህን በተለይ ጓደኛዬ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል እኛም ነበርንበት። በዚያው ዓመት የላሙ ነዋሪዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 በማሊንዲ ያስቻለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በንጹሕ አካባቢ የመኖር፣ መረጃ የማግኘትና በአባቶቻቸው ልማድ ዓሣ የማስገር መብታቸው ተጥሷል ሲል ወሰነ፤ ወደ 4,600 ለሚጠጉ አስጋሪዎችም 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ እንዲከፈል ፈረደ። ጥሩ ፍርድ ነው። ነገር ግን ክሱ ከቀረበ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ባሕሩም በዚያ መሐል ሲቆፈር ቆይቷል። የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ሥራ ጀመረ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይኸው አይደል? ገንዘብ አስጋሪውን ሊክሰው ይችል ይሆናል፤ የተቆረጠውን ማንግሮቭ ግን ማን ይክሰዋል?

በዚያው በላሙ ሌላም ታሪክ አለ። ከወደቡ ብዙ ሳይርቅ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ 1,050 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሊተከል ታቅዶ ፈቃድም ተሰጥቶት ነበር። ነዋሪዎቹ ይግባኝ አሉ። የኬንያ ብሔራዊ የአካባቢ ጉዳይ ፍርድ ሸንጎም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ሕዝቡ በሚገባ አልተጠየቀም፣ ጥናቱም ጉድለት አለበት በማለት ፈቃዱን ሰረዘው። እዚህ ላይ ጥያቄው የቀረበው ሲሚንቶው ሳይቦካ ስለ ነበር የፈረሰ ነገር አልነበረም፤ የተሰረዘው ወረቀት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ለዚህ ነው። ቦታው ያው፣ ሕዝቡም ያው ነው፤ ሁለቱን ውጤቶች የለያያቸው ጥያቄው ከሥራው በፊት መልስ ማግኘት አለማግኘቱ ነው።

«ታዲያ ይህ የኬንያ ጉዳይ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ላሙን እንተወውና ወደ ጂቡቲ እንሂድ። ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በጂቡቲ ነው። የምንጽፍበት እስክሪብቶ፣ ወላጆቻችን እርሻ ላይ የሚበትኑት ማዳበሪያ፣ አውቶቡሱ የሚነዳበት ናፍጣ በዚያ ባሕር ላይ አልፎ የመጣ ነው። በዚያው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዓሣ ነባሪ ሻርክ የሚባለው፣ ከዓሦች ሁሉ በግዙፍነቱ አንደኛ የሆነው ፍጡር ይሰበሰባል፤ አብዛኞቹም ገና ግልገሎች ናቸው። ሰው አይበላም፤ የሚበላው ከውሃው ወለል አጠገብ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ሕይወታውያንን ነው። በዚህም ምክንያት መርከብና ጀልባ ይገጨዋል። መርከቡ የማን ዕቃ ይዞ ነበር ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ «የኛ» ነው። ስለዚህ ባሕር የለንም ማለት ከባሕሩ ዕዳ ነፃ ነን ማለት አይደለም።

በሌላ በኩል ደግሞ ክቡድ የሆነ ተቃውሞ አለ፤ ልለፈው አልችልም። «ድሃ አገር ለኤሊ ብሎ ወደብ ይቅርበት?» የሚል ነው። እኔ ወደብ ይቅር አላልኩም፤ አልልምም። መንገዱና ወደቡ ከሌለ መጽሐፉም መድኃኒቱም አይመጣም። የምለው ግን እቅድ ሲወጣ የባሕሩ ሕይወት ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ይግባ ነው። አንደኛ፣ ቦታ ከመመረጡ በፊት ምን እንዳለ ይቆጠር፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ፈቀቅ በማለት ብቻ የሚተርፍ ደን ይኖራልና። ሁለተኛ፣ ቁፋሮው ኤሊ እንቁላል ከምትጥልበትና ዓሣ ከሚራባበት ወራት ውጭ ይሁን፤ የሚነሣውም ጭቃ በመጋረጃ ይታገድ። ሦስተኛ፣ አስጋሪዎቹ ይጠየቁ፤ የቱ ጋ ዓሣ እንደሚራባ ከነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አራተኛ፣ «ቆርጠን እንተክላለን» የሚለውን ቃል ቶሎ አንመን። ማንግሮቭ የሚጸድቀው የውሃው ሙላትና ጉድለት በሚስማማው ቦታ ብቻ ነው፤ ለቁጥር ሲባል ያለ ቦታው የተተከለ ችግኝ እንደሚደርቅ በብዙ አገር ታይቷል። በዚያ ላይ ማንግሮቭ ማዕበልን ያበርዳል፣ አፈርንም ይይዛል፤ እሱን ማዳን ለጠረፉ ሰውም ለወደቡም ይጠቅማል።

ባሕር አይተን የማናውቅ ሰዎች ይህን እንዴት እንረዳው? ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጣና ዳር ያደገ ሰው ደንገል ባለበት ዳርቻ የዓሣ ጫጩት እንደሚሸሸግ ያውቃል። ደንገሉ ተጠርጎ ሲታረስ ምን እንደሚቀር፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ በሐይቁ ላይ ምን እንዳደረገ አይተናል። አንድ የባዕድ አረም ሐይቅን ካስጨነቀ፣ መርከቦች ሚዛናቸውን ለመጠበቅ ከአንዱ ባሕር ቀድተው በሌላው የሚደፉት ውሃ ምን ይዞ ሊመጣ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የመርከብ ሚዛን ውሃን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2004 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2017 በሥራ ላይ የዋለው በዚሁ ሥጋት ነው። በአገራችንም የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አንድ የልማት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ እንዲጠና ያዛል። በቤታችን ትክክል ነው ያልነውን ዕቃችን በሚራገፍበት በጎረቤት ደጅ አያስፈልግም ልንል አንችልም።

እኛ እጩ መምህራን ወደብ አንቆፍርም፣ ፈቃድም አንሰጥም። ነገር ግን ነገ ፈቃድ የሚሰጡትንና ካርታ የሚነድፉትን ልጆች የምናስተምረው እኛ ነን። ልጁ በሰባተኛ ክፍል «ምንም አልነበረም» ብሎ ከተማረ፣ መሐንዲስ ሆኖ ሲወጣም ጠረፉን ባዶ ወረቀት አድርጎ ነው የሚያየው። ስለዚህ የጂኦግራፊ መምህሮቻችንን በትሕትና የምጠይቀው፣ የወደብ ትምህርት ስንለማመድ ከመስመሩ ጎን ደኑን፣ የዓሣውን መራቢያና የአስጋሪውን መንደር እንድንስል እንዲያለማምዱን ነው። አንድ ሣጥን ጠመኔ ይበቃል፤ ሌላ ወጪ የለውም።

እኔ በበኩሌ ወደዚያ ክፍል ተመልሼ የምገባበትን ቀን እየጠበቅሁ ነው። ልጅቷ ደብተሯን እንድታወጣና ያን ቃል እንድትሰርዝ እነግራታለሁ። በምትኩ የሚጻፈው ከአንድ ገጽ ስለሚበልጥ፣ ሰዓቱ ቢያልቅም እንኳ በዕረፍት ሰዓት እጨርስላታለሁ።

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ ካለ፣ በተለይም ያ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ፣ ከጎኑ ያለው ቦታ ባዶ ስለ ሆነ ጽፎ ይለጥፍ። ቸር ያገናኘን።