ካቫ ላይ ቢራ አይደርቡ

የፓስፊክ ደሴቶች አገር በሆነችው ቫኑዋቱ ዋና ከተማ ፖርት ቪላ ብዙ ሰው ምሽቱን የሚጀምረው «ናካማል» በሚባሉ የካቫ መጠጫ ቤቶች ነው። ካቫ ከተክል ሥር የሚዘጋጅ፣ አፍን የሚያደነዝዝና ሰውነትን የሚያፍታታ መጠጥ ነው። አልኮል የለበትም። አደጋው የሚመጣው «ይህማ አያሰክርም» ተብሎ ቢራ ሲደረብበት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ መፍዘዙና እንቅልፉ ይበረታል፤ ጉበትም ሊጎዳ ይችላል።

የጉበት ሕመም ካለብዎ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ካቫ ይቅርብዎ። ጤነኛ ከሆኑም ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይምረጡ፤ ከጠጡ በኋላ መኪና አይንዱ። ጓደኛዎ ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ «ተኝቶ ይለፍለት» ብለው አይተዉት፤ በጎኑ አስተኝተው አምቡላንስ ይጥሩ።