ድራፍት በሳሎን፤ ጎማውን ማን ያጥባል?

ሰሞኑን የኛ ጀለሶች ላይ አዲስ ሕልም ተጋብቷል። ቪላ አይደለም፣ መኪናም አይደለም። ሳሎን ጥግ የሚተከል የድራፍት ቧንቧ ነው! አንዱ ዩቲዩብ ላይ ያየውን ቪዲዮ በቴሌግራም ይልካል፤ ሌላው "ይቺንማ ቤቴ ብገጥማት ማን ከቤት ያወጣኛል?" ይላል፤ ሦስተኛው ሜሪላንድ ያለው የአክስቱ ልጅ ጋራዡ ውስጥ እንዴት እንደገጠመው ይተርካል። (የአክስት ልጅ ሚስት ስለ ጉዳዩ ምን እንደምትል እስካሁን አልተነገረንም።)

ሕልሙን አልቃወምም። የማይዋጥልኝ ሁሉም ስለ ቧንቧው ብቻ ማውራቱ ነው። የምታብረቀርቀዋ ቧንቧ ከድራፍት ሥራ ውስጥ ትንሿ ነገር ናት። ዋናው ጉዳይ ከኋላዋ ያለው ነው፤ ቅዝቃዜው፣ ግፊቱና ጎማው። እሱን ደግሞ ማንም ፎቶ አያነሳውም።

ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። አንድ በርሜል ቢራ፣ በርሜሉን የሚውጥ ፍሪጅ፣ አንድ ሲሊንደር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የጋዙን ግፊት የሚቀንስ ሬጉላተር፣ በርሜሉ አፍ ላይ የሚገጠም ማያያዣ፣ ጎማና ቧንቧ። በቃ። ጋዙ ከላይ ገብቶ ቢራውን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ቢራው በመሐል ባለው ቀጭን ዘንግ በኩል ሽቅብ ወጥቶ በጎማው ወደ ቧንቧው ይሄዳል። እዚህ ድረስ አንድ ትጉህ የቧንቧ ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ከምሽቱ በፊት ይጨርሰዋል። ጣጣው የሚመጣው የመጀመሪያው ብርጭቆ ሲቀዳና ሦስት አራተኛው አረፋ ሆኖ ሲገኝ ነው።

አረፋ ሲበዛ ሰው ሁሉ እጁን የሚሰድደው ወደ ሬጉላተሩ ነው። "ግፊቱን ቀንሰው!" ይቀነሳል። ለዛሬ ይሻላል፤ ነገ ይብሳል። ምክንያቱም ቢራው ውስጥ የሟሟውን ጋዝ እዚያው አፍኖ የያዘው ግፊቱ ነው። ግፊቱ ሲላላ ጋዙ ከቢራው መውጣት ይጀምራል፤ ጎማው ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ በርሜሉ ግን ቀስ በቀስ ነፍሱ ይወጣል። መጀመሪያ የሚታየው ቅዝቃዜው ነው። ቢራው 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከሆነ የአሜሪካኖቹ መመሪያ 12 ፒኤስአይ ገደማ ይላል። ይህ ከመኪና ጎማ ግፊት ግማሽ እንኳን አይሞላም፤ ጎሚስታው ቢሰማ ይስቃል። ቀጥሎ የሚታየው የጎማው ርዝመት ነው። አምስት ሚሊ ሜትር በማይሞላ ቀጭን ጎማ ቢያንስ ሁለት ሜትር፣ ቢቻል ሦስት። ቢራው እየታሸ፣ ጉልበቱ እየበረደ፣ ሳይደነግጥ እንዲወጣ። አጭር ጎማ ገጥሞ ስለ አረፋ ማማረር ዳገት ላይ ፍሬን የሌለው መኪና ለቆ ስለ ፍጥነቱ እንደማማረር ነው።

አሁን ደግሞ ቪዲዮዎቹ የማይነግሯችሁን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ባሕር ዳርቻ ላይ አየሩ በራሱ 14.7 ፒኤስአይ ይጫናል፤ እዚህ 11 ገደማ ነው። ሬጉላተሩ የሚያሳየው ደግሞ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ያው ቢራ ያንኑ ጋዝ እንደያዘ እንዲቆይ ከተፈለገ፣ እዚያ 12 የተባለው እዚህ ወደ 16 ይጠጋል። ግፊቱ ከፍ ሲል ደግሞ ጎማው ረዘም ማለት አለበት። የሜሪላንዱን የአክስት ልጅ ቁጥር ቀድቶ እንጦጦ ሥር የሚገጥም ሰው በቀጭን አየር ውስጥ የሚንተከተክ አረፋ እየጠጣ "ጋዙ ፎርጅድ ነው" ማለቱ አይቀርም። ጋዙ ምንም አላደረገም፤ ከተማችን ናት ከፍ ያለችው።

መብራትስ? እሱን እንኳ ቢራው ራሱ ይችለዋል። ሠላሳና አርባ ኪሎ የቀዘቀዘ ነገር ፍሪጁ ካልተከፈተ በሁለትና በሦስት ሰዓት አይሞቅም። ቀድሞ የሚሞቀው ከፍሪጁ ውጭ ያለው ጎማና ቧንቧው ነው፤ መብራት በመጣ ማግስት የመጀመሪያው ብርጭቆ አረፋ ቢሆን አትደንግጡ። ሲሊንደሩ ላይ ግን ቀልድ የለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ ሾልኮ በጠባብ ዝግ ክፍል ውስጥ ከተጠራቀመ ሰው ይገድላል። ሽታ የለውም፣ አያስጠነቅቅም። መስኮት የሌለው የዕቃ ክፍል ወይም አልጋ ሥር ቦታው አይደለም። ቆሞ በሰንሰለት ይታሰር፤ ሲሞላ 20 ዲግሪ ሙቀት ላይ 57 ባር ገደማ የታመቀበት ብረት ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ጎማው። ቢራ ባለፈበት ሁሉ አሻራውን ይተዋል። እርሾ፣ ባክቴሪያ፣ የደረቀ ዝቃጭ ጎማው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሳይታጠብ ሲከርም ቢራው መጀመሪያ ቅቤ ቅቤ ማለት፣ ከዚያ መቆምጠጥ ይጀምራል። የአሜሪካ ጠማቂዎች ማኅበር የድራፍት መመሪያ በየ14 ቀኑ በማጽጃ ኬሚካል ይታጠብ ይላል። ውኃ ማሳለፍ ብቻ መታጠብ አይባልም። ቧንቧውም ተፈትቶ ይፈተጋል። ብዙዎቻችን "የዚህ ቤት ድራፍት ያሳምመኛል፣ የዚያኛው ግን ይስማማኛል" እንላለን። ከአንድ ፋብሪካ የወጣ አንድ ቢራ ሆኖ ሳለ! ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ጎማው ውስጥ ነው።

ይህ ደግሞ ለኛ አዲስ ትምህርት መሆን አልነበረበትም። ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን መጀመሪያ የሚነኩት ብቅሉን አይደለም፣ ጌሾውንም አይደለም። ጋኑን ነው። በግራዋ ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ጥንስሱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያልታጠነ ጋን ውስጥ ጠላ ጨምሮ እንግዳ የሚጠራ ባልቴት ካለ አሳዩኝ። በቤት ውስጥ ከጋን የሚቀዳ መጠጥ ማለት እኮ ድራፍት ነው፤ በሬጉላተር ፋንታ ጣሳ ነበረው እንጂ። አሜሪካኖች ቤታቸው ውስጥ ቢራ የመጥመቅ ፈቃድ በፌዴራል ሕግ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር ከፈረሙ በኋላ ነው። የኛ አያቶች የማንንም ፊርማ አልጠበቁም። እኛ ታዲያ ከእነሱ ጣሳውን ንቀን፣ ከአሜሪካ ቧንቧውን ተመኝተን፣ ከሁለቱም እጥበቱን ትተነዋል።

ከጋኑ የምንማረው ሌላም አለ። ጠላ የሚጠመቀው ቀን ተቆርጦለት ነው፤ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለማኅበር፣ ለሠርግ። ጋን የሚከፈተው ሰው ሲሰበሰብ ነው። ሳሎን የተተከለው በርሜል ግን ቀን አያውቅም። እስቲ እናስላ፤ 30 ሊትር በርሜል በግማሽ ሊትር ብርጭቆ ሲቀዳ 60 ብርጭቆ ነው። በርሜሉ በጋዝና በቅዝቃዜ ከተያዘ ሳምንታት ይቆያል (በእጅ ፓምፕ አየር ከተነፋበት ግን የአንድ ቀን ዕድሜ ነው ያለው)። ለብቻው የሚኖር ሰው በወር ይጨርሰው ቢባል በየቀኑ ሁለት ብርጭቆ፣ አንድም ምሽት ሳይዘል። 50 ሊትር የገዛማ ከሦስት በላይ ይደርሰዋል። ሰባኪ አይደለሁም፤ ራሴም እጠጣለሁ። ግን ድራፍት ቤት ሄጄ ስጠጣ ቢያንስ ሒሳብ የሚባል ነገር አለ፣ አስተናጋጅ አለ፣ "በቃህ፣ እንሂድ" የሚል ጓደኛ አለ፣ የታክሲ ሰዓት አለ። ጠርሙስ እንኳ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ተሰልፎ ይቆጥርብሃል። ቧንቧ አይቆጥርም። ግማሽ ሲጎድል ትሞላዋለህ፣ ግማሽ ሲጎድል ትሞላዋለህ፤ ማታ ስንት ጠጣህ ብትባል መልስህ "አንድ ብርጭቆ" ነው!

ጎረቤትን ደግሞ አንርሳ። ቤቱ ድራፍት እንዳለ የታወቀበት አበሻ ቧንቧውን መዝጋት ይችላል? ይሉኝታ ይፈቅድለታል? የእግር ኳስ ቅዳሜ ሲደርስ ሒሳብ የማይጠየቅበት ድራፍት ቤት ባለቤት ሆኖ ያርፈዋል። ቤት ውስጥ ታናሽ ወንድም ካለም ነገሩ ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ሳሎን ውስጥ ግን መታወቂያ የሚጠይቅ የለም።

እንግዲህ ቆርጣችሁ ከሆነ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ብቻችሁን አትትከሉ። አምስት ስድስት ሆናችሁ እንደ ዕቁብ አዋጡ፤ ዕቃው የጋራ ይሁን፤ በርሜል የሚገባው ቀን ሲኖር ብቻ ይሁን፤ ልደት፣ ምርቃት፣ የዋንጫ ፍጻሜ፣ ወይም ከውጭ የመጣ ጓደኛ አቀባበል። 30 ሊትር ለሃያ ሰው ሦስት ሦስት ብርጭቆ ነው፤ በዚያው ምሽት ያልቃል፤ አይቆመጥጥም፣ ማንንም በየማታው አይጠራም። በርሜሉ የፋብሪካው ንብረት ስለሆነ በማግስቱ ይመለሳል፤ 40 ኪሎ የሚጠጋውን በርሜል አራተኛ ፎቅ የሚያወጣውም ሰው አንድ ብቻ አይሆንም፤ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምትኖሩ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ዕጣው ለመጀመሪያው ብርጭቆ አይውጣ። ለጎማው ይውጣ። በማግስቱ ጠዋት ራሱን እያመመው ተነስቶ ማጽጃውን በጥብጦ፣ ቧንቧውን ፈትቶ፣ ጎማውን አሳልፎ የሚያጥበው ማን እንደሆነ ገንዘቡ ከመዋጣቱ በፊት በወረቀት ይጻፍ። ስሙ የተጻፈው ሰው ከፈረመ፣ እኔንም ስድስተኛ አድርጋችሁ ቁጠሩኝ።