«ዞል» እና «ሶል» አንድ አይደሉም

ጭርት የያዘው ወጣት ፋርማሲ ሲገባ መጀመሪያ የሚለው «ጠንከር ያለ ቅባት የለም?» ነው። ገዝቶ ሲወጣ ደግሞ ስልኩን ያወጣና «ይሄ ነገር ደም ውስጥ ይገባል እንዴ?» ብሎ ይፈልጋል። ጥያቄው ጥሩ ነው። ችግሩ አብዛኞቻችን የማያስፈራውን ፈርተን የሚያስፈራውን ማመናችን ነው።

የቆዳችን የመጨረሻው ሽፋን የሞቱ ሴሎች የተደረደሩበት ስስ ግድግዳ ነው። ፈንገሱ የሚኖረውም እዚያው ነው። ስለዚህ ጥሩ የፈንገስ ጄል ማለት ወደ ደም ዘልቆ የሚገባ ሳይሆን እዚያው ግድግዳ ላይ የሚቀር ነው። ክሎትሪማዞል ጤነኛ ቆዳ ላይ ሲቀባ ወደ ሰውነት የሚገባው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ተርቢናፊንም ከ5 በመቶ በታች ነው። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 እ.ኤ.አ. የሚዋጠው ኬቶኮናዞል ጉበት ስለሚጎዳ ለፈንገስ ሕክምና እንዳይሸጥ ሲመክር፣ የሚቀባው ግን እንዲቀጥል ያደረገው ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው።

ታዲያ የሚያስፈራው የቱ ነው? ስቴሮይድ ያለበት ቱቦ ነዋ! ክሎትሪማዞልና ክሎቤታሶል ስማቸው ወንድማማች ይመስላል። የመጀመሪያው ፈንገስ ይገድላል። ሁለተኛው ግን የቆዳውን መከላከያ ያስተኛል። ማሳከኩና መቅላቱ በቀናት ውስጥ ስለሚጠፋ «ገላገለኝ» እንላለን፤ ፈንገሱ ግን ተመችቶት ይስፋፋል። የጭርቱ ክብ ቅርጽ ስለሚጠፋም ሐኪሙ ራሱ ሊሳሳት ይችላል። ቆይቶ ደግሞ ቆዳው ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል።

ቦታውም ለውጥ ያመጣል። ፌልድማንና ማይባክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1967 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ሃይድሮኮርቲሶን የተባለው ስቴሮይድ ከክንድ ይልቅ በግንባር 6 እጥፍ፣ በወንድ ፍሬ ቆዳ ደግሞ 42 እጥፍ ይገባል። ፊታችንና ብሽሽታችን ላይ ያገኘነውን የምንቀባ ሰዎች ይቺን ቁጥር ልብ እንበል።

ጄል ሁሉም አንድ አይደለም። ለአፍ ውስጥ ፈንገስ የሚሰጠው የሚኮናዞል ጄል ይዋጣል፤ በልብ ሕመም ምክንያት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ከተጠቀመው ደም መፍሰስ ሊያስከትልበት ይችላል። ራስ ላይ የወጣ ጭርት ደግሞ ፈንገሱ ፀጉሩ ሥር ስለሚገባ በቅባት ብቻ አይድንም፤ የሚዋጥ መድኃኒት በሐኪም መታዘዝ አለበት።

የቱቦ ፎቶ በቴሌግራም ልኮ «ለእኔ ሠርቶልኛል» ማለት ደግነት ይመስላል፤ ግን የሠራው «ዞል» ይሁን «ሶል» ሳያውቁ መላክ ጓደኛን መጉዳት ነው። ፋርማሲስቶችም «ጠንከር ያለ» ለሚል ደንበኛ ዝም ብሎ ከመስጠት በፊት «የት ቦታ ነው? ምን ስትቀባ ነበር?» ማለት ግዴታቸው ሊሆን ይገባል። ሁለት ጥያቄ ሰልፍ አያስረዝምም።

የእኛ ድርሻ ቀላል ነው። ቱቦውን ገልብጠን ውስጡ ያለውን የመድኃኒት ስም እናንብብ። ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል ካለበት ሐኪም ሳያዘው አንግዛ። ትክክለኛውን ከያዝን ደግሞ ማሳከኩ ስለቆመ ብቻ አናቋርጥ፤ ክሎትሪማዞል ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። ጭርት የሚድነው በጠንካራ ቅባት ሳይሆን በትክክለኛው ቅባትና በትዕግሥት ነው።