ሳይመሽ ለኤፍራታና ግድም ሽማግሌዎች

የዕድሜ እኩዮቼ፣ በ1965 ዓ.ም. ከወሎ የተነሣው ርኃብተኛ በዚሁ በከተማችን በአጣዬ በሚያልፈው የደሴ ጎዳና ዳር እየወደቀ እየተነሣ ወደ አዲስ አበባ ሲያቀና፣ ፖሊስም ሲመልሰው፣ ተርቧል ብሎ ስሙን የሚጽፍለት ሹም እንዳልነበረ ታስታውሳላችሁ። ዛሬ የምናቃልለው የእርዳታ መዝገብ ያን ጊዜ ቢኖር ስንቱ ነፍስ በተረፈ ነበር።

በሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትቃጠል ደብረ ብርሃን በሯን አልዘጋችብንም፤ ተፈናቃይ ተብለን ተመዘገብን፣ ስንዴ ተሰፈረልን፣ ሕመምተኞቻችንም ታከሙ። ይህን የቀመሰ አፍ ዛሬ ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣውን ሰው “እርዳታ ለምዶ ተቀምጧል” ሲለው መስማት አጥንት ይሰብራል። ከዚያ የሚከፋው ግን የሞተ ወንድሙን ስም ሳያሰርዝ ራሽን የሚወስደው፣ ማሳና ከብት ሳለው በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከድሃ ድሃ ተቆጥሮ መዋጮው የሚከፈልለት፣ እኛም ዘመዳችን ነው ብለን አንገታችንን ደፍተን የምናልፈው ነው፤ በቀበሌ ስብሰባ ማን ድሃ እንደሆነ የምንመሰክረው እኛው ነንና፣ ዝምታችን ከፊርማ አይተናነስም።

የዚህ መንገድ መጨረሻ የተሰወረ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በትግራይ ለተራበው የመጣው እህል ገበያ ላይ ሲሸጥ ተገኘ፤ ምርመራው እየሰፋ ሄደ፣ በሰኔም የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታቸውን አቆሙ። እህሉን የሸጠ በጓዳው አልጎደለበትም፤ በየመጠለያው ያለው ተፈናቃይ፣ ከደቡብ ሱዳንና ከሶማሊያ ሸሽቶ በአገራችን የተጠለለው ስደተኛ ሳይቀር፣ ባልሠራው በደል ለወራት ራሽን ተከለከለ። ሰጪ አንዴ ከተጠራጠረ እውነተኛውንም ችግረኛ እንደ ሌባ ያየዋል። የጤና መድኑም እንዲሁ ነው፤ የሚችለው በድሃ ስም ከታከመ፣ ሌላውም ሲያመው ብቻ መዋጮውን ካደሰ፣ ገንዘቡ ያልቃል፣ መድኃኒት ቤቱም ይራቆታል፤ ያን ጊዜ የታመመው የቆላ ልጅ የመድን ደብተሩን ይዞ ባዶ መደርደሪያ ፊት ይቆማል።

ልጆቻችን ይህን ማጭበርበር እንደ ብልጠት ሳይማሩት ገና ጊዜ አለን። በሚመጣው የተጠቃሚዎች ምልመላ ሳትቀሩ ተገኙ፤ የሟቹ ስም ይሰረዝ በሉ፣ ባለ ከብቱ ወንድማችሁም ቢሆን ከድሃ መዝገብ እንዲወጣ ንገሩት፣ ከወለጋ የመጣችው አራስ መመዝገቧን ሳታረጋግጡ አትበተኑ።