ርስት ያልቆመለት ትጋት

የሰውን ብልጽግና በትጋቱ ብቻ መመዘን ልማዳችን ነውና፣ ከጎጃሟ ከተማ ከሞጣ ወጥቶ በባዕድ አገር የሚሠራ ልጃችን ሲከብር ጎበዝ፣ ሲቸገር ሰነፍ እንለዋለን፤ ከትጋቱና ከዋጋው መካከል የተቀመጠውን የሕግ ዳኝነት ግን ከቁም ነገር አንቆጥረውም።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ባሕር መሻገር አያሻም። በርስት ዘመን የጎጃም ሙስሊም፣ አባት አያቱ በዚሁ አፈር ተወልደው በዚሁ አፈር ያረፉ ሆነው ሳለ፣ እንደ ክርስቲያኑ ትውልድ ቆጥሮ መሬት መካፈል ስለ ተነፈገው፣ ወይ የሌላውን መሬት በእኩል ማረስ፣ ወይ ከሽመና ጉድጓድ መቀመጥ፣ ወይ አጋሰስ ጭኖ ከገበያ ገበያ መዞር ግድ ሆነበት። የሞጣ ሙስሊም በንግድ መበርታቱን የተፈጥሮ ጠባይ አድርገው የሚያወጉ አሉ፤ ለእኔ ግን ከተዘጋ በር የተወለደ ሙያ ነው። የ1967ቱ አዋጅ ርስትን ሽሮ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ በሩ በሕግ ተከፈተ፤ በልብም ተከፍቷል ብሎ ግን፣ በታኅሣሥ 2012 በዚችው ከተማ መስጊድና ሱቅ ሲቃጠል ያየ ሰው አይምልም።

ዛሬ ወደ ሪያድ ለቤት ሠራተኝነት የምትሄደው እኅታችን መጻተኛነቷ ከዚያ ርስት አልባ ሙስሊም ይልቅ የጠና ነው። ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃዷ «ከፊል» በሚሉት አሠሪ ስም የተያዘ ስለሆነ፣ ቢከፋት ወደ ሌላ ቤት በፈቃዷ በቀላሉ አትሻገርም፤ ጥላ ብትወጣ «ጠፍታለች» ተብላ ከሕግ ውጭ ትሆናለች። ሳዑዲ ዐረቢያ በመጋቢት 2013 ሠራተኛ አሠሪ የሚለውጥበትን ሥርዓት ስታላላ የቤት ሠራተኞችን ከዚያ አስቀርታለች። ደመወዝ የሚጨምረው «ሌላ ዘንድ እሄዳለሁ» ማለት ለሚችል ነውና፣ ይህን ማለት የተከለከለች ሴት እጇ ቢሠለጥን፣ ዐረብኛውም ቢገራላት፣ ከዋጋዋ ላይ እምብዛም አይታይም።

በአሜሪካ ያለው ወገናችን ግን ቋሚ መኖሪያ ካገኘ፣ በተለመደው ደንብ ከ5 ዓመት በኋላ ዜግነት መጠየቅ ይችላል፤ ዜግነቱን ሲያገኝም አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ሥራ ይከፈትለታል። በዚያው ዕለት የእኛው የ1996 የዜግነት አዋጅ ኢትዮጵያዊነቱን ይነሣዋል። እውነት ነው፣ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የወጣው የ1994ቱ አዋጅ ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ ሰጥቶ ያለ ቪዛ እንዲገባ፣ ያለ ሥራ ፈቃድም እንዲሠራ አድርጎታል፤ ደግ ሕግ ነው፣ ነገር ግን ምሉዕ አይደለም። ይህ ሰው ሞጣ ተመልሶ ሆቴል ሊሠራ፣ ብዙ ሰውም ሊቀጥር ይችላል፤ እርሱ የቀጠረው ዘበኛ ድምፅ ሲሰጥ ግን እርሱ ሰልፍ አይገባም።