የሳብራ ስፖርት ሁለት ልደት

አንድ አሮጌ የስፖርት መኪና በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚመዘነው በመልኩ ማማር ብቻ አይደለም፤ ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን አንሥቶ በማን እጅ እንደ ኖረ፣ በየትኛው ውድድር እንደ ተሰለፈ፣ ሞተሩና ካምቢዮው የመጀመሪያዎቹ መሆን አለመሆናቸው በሰነድ ሲረጋገጥ ነው እውነተኛ ዋጋው የሚታወቀው። የዚህ ሰነድ መሠረት የሻንሲ ቁጥር፣ ማለትም መላውን አካል በሚሸከመው የብረት አጽም ላይ የሚመታው መለያ ሲሆን፣ ቀለሙ ቢቀየር፣ ሞተሩ ቢለወጥ፣ ባለቤቱ ቢፈራረቅ ቁጥሩ ግን ከመኪናው ጋር ይዘልቃል። በአዲስ አበባ ሊብሬ የሚባለው የባለቤትነት ደብተርም ሆነ በእስራኤል «ሪሽዮን ሬኸቭ» የሚባለው የተሽከርካሪ ፈቃድ በዚሁ ቁጥር ላይ የቆሙ ናቸው። በእስራኤል ስም ለዓለም ገበያ የቀረበው የስፖርት መኪና፣ ሳብራ ስፖርት፣ በዚህ ሚዛን ሲታይ ከብዙ ዝነኛ መኪኖች ይልቅ አስቸጋሪ፣ በዚያው ልክም ትኩረት የሚገባው ታሪክ አለው።

መኪናውን ያሰበው በሃይፋ አውቶካርስ የተባለውን ኩባንያ የመሠረተው ይስሐቅ ሹቢንስኪ ነበር። ኩባንያው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ታምዎርዝ ከሚገኘው ሪላያንት ከተባለ የእንግሊዝ ፋብሪካ ጋር ተዋውሎ፣ ከብረት ይልቅ በፋይበርግላስ፣ ማለትም በሙጫ መሰል ፈሳሽ በተነከረ የመስታወት ክር ቦዲያቸው የሚሠራ አነስተኛ መኪኖችን ማምረት ጀመረ፤ ከእነዚህም ውስጥ ሱሲታ በአገሪቱ መንገዶች ላይ በጣም የታወቀችው ሆነች። ፋይበርግላስ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ብረትን በመጭመቂያ ማሽን መቅረጽ እጅግ ውድ መሣሪያና በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ገበያ የሚጠይቅ ሲሆን፣ የፋይበርግላስ ቅርጽ ግን በእጅ ሥራና በመጠነኛ ወጪ ሊወጣ ይችላል። በኔጌቭ በረሓ ግመሎች የሱሲታን ቦዲ ይበሉ ነበር የሚለው ተረት እስከ ዛሬ በእስራኤል ይነገራል፤ ይህ ተረት ጥቂት ማሽንና ጥቂት ዶላር ይዘው አዲስ ኢንዱስትሪ ለመትከል የደከሙ ሠራተኞችን ሥራ ለመሳለቂያ መዳረጉ እጅግ ያሳዝናል።

ሹቢንስኪ ወደ አሜሪካ ገበያ ለመግባት የሚያስችለው ተራ የቤተሰብ መኪና ሳይሆን ዓይን የሚስብ ባለሁለት ወንበር መኪና መሆኑን ስላመነ፣ በእንግሊዝ ለየብቻ ይሸጡ የነበሩ ሁለት ነገሮችን፣ አሽሊ የተባለው ድርጅት የቀረጸውን የፋይበርግላስ ቦዲና ሌዝሊ ባላሚ የነደፈውን ሻንሲ፣ አንድ ላይ እንዲያዋህድለት ሪላያንትን ጠየቀ። ሞተሩ ከፎርድ ኮንሰል የተወሰደ፣ 1703 ሲሲ መጠን ያለው ባለአራት ሲሊንደር ነበር። መኪናው በሚያዝያ 1961 (እ.ኤ.አ.) በኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ የመኪና ትርዒት ላይ፣ የቁልቋል በለስ ፍሬና በአገሩ የተወለደ እስራኤላዊ በሚጠራበት «ሳብራ» በሚለው ስም ቀረበ፤ ከፊት ፓራውልቱ ወደ ላይ በቆሙት ሁለት ረጃጅም ቀንዶችም ያየው ሰው ሁሉ በቀላሉ ያስታውሰው ነበር።

የሰነዱ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳብራዎች በእስራኤል ስም ወደ አሜሪካ ቢላኩም የተሠሩት በታምዎርዝ ሲሆን፣ በሃይፋ የተገጣጠሙት ከዚያ በኋላ የመጡት ናቸው። ስለዚህ ሁለት ሳብራዎች ጎን ለጎን ቆመው በዓይን ቢመሳሰሉም፣ አንደኛው የእንግሊዝ ሠራተኞች፣ ሌላኛው የሃይፋ ሠራተኞች የእጅ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ሪላያንት ደግሞ ይህንኑ መኪና አሻሽሎ «ሳቤር» በሚል ስም በአገሩ ሸጦታል። በጠቅላላው የተመረተው በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ በመሆኑና አብዛኛውም ገና ከጅምሩ ለውጭ ገዢ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ፣ የባለቤትነት ታሪኩ በእስራኤል መዝገብ ቤት ሳይሆን በአሜሪካ ነጋዴዎች ደረሰኝና በግል ሰብሳቢዎች መሳቢያ ውስጥ ተበታትኖ ቀርቷል። አውቶካርስም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ኪሳራ ላይ ወድቆ ለሌሎች ባለቤቶች ተላልፏል፤ ፋብሪካው እጅ በለወጠ ቁጥር የፋብሪካ ወረቀትም ለመጥፋት ይጋለጣል።

በቢኤር ሼቫ፣ ሽኩና ዩድ አሌፍ በተባለው ሰፈር ለሚኖር አንባቢ ይህ ነገር ሩቅ የመኪና ወሬ ሆኖ አይቀርም። ከኢትዮጵያ ከመጡት አረጋውያን ብዙዎቹ በመታወቂያቸው ላይ የሰፈረው የልደት ቀን ሲመጡ የመዘገባቸው ሠራተኛ በግምት የሞላው መሆኑን ያውቃሉና፣ ወረቀትና እውነት አንድ ሆነው ላይገኙ እንደሚችሉ፣ ያም ሆኖ ወረቀቱን በትዕግሥት ማረም እንደሚገባ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም።

የውድድር ታሪኩ ደግሞ ከባለቤትነቱ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። ሪላያንት በ1962 (እ.ኤ.አ.) ባለስድስት ሲሊንደር የሆነ የፎርድ ሞተር የገጠመለትን «ሳቤር ሲክስ» አወጣ፤ ተነቅፎ የነበረውን የፊት እግር አሠራርም በትራያምፍ ቲአር 4 ዓይነት ተካ። የተሠራው 77 ብቻ የሆነው ይህ መኪና እንደ ሞንቴ ካርሎ ባሉ ራሊዎች፣ ማለትም በዝግ መሮጫ ሳይሆን በተራራና በአገር አቋራጭ መንገድ ሰዓት እየተቆጠረ በሚካሄዱ ውድድሮች፣ ከፋብሪካው በተላኩ ቡድኖች ተነድቷል። ይህ ክብር የሳቤር ሲክስ እንጂ የሳብራ ስፖርት አይደለም። አንድ ሳብራ ለሽያጭ ሲቀርብ የእህቱን የራሊ ዝና ተውሶ መናገር ቀላል ቢሆንም፣ ይህ ዓምድ እንዲህ ያለውን ብድር አጥብቆ ይቃወማል፤ ምክንያቱም በሐሰት የተጨመረ አንድ ድል እውነተኞቹን ሰነዶች ሁሉ አጠራጣሪ ያደርጋል።

ሳብራ በእስራኤልም የሚፎካከርበት ሜዳ አላገኘም። በኅዳር 1970 (እ.ኤ.አ.) በአሽከሎን ባርኔዓ ሰፈር ዓለም አቀፍ የመኪና ውድድር ተዘጋጅቶ፣ ተመልካቹ ወደ መሮጫው መንገድ በመግባቱ ታውኮ ቀረ፤ ከዚያ በኋላም የሞተር ስፖርትን በሕግ የሚያስተዳድረው የስፖርታዊ ነጂነት ሕግ እስከ ወጣበት እስከ 2005 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ረጅም ዘመን አለፈ። እንግዲህ መኪናው አለመወዳደሩ የድክመቱ ማስረጃ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

ከቢኤር ሼቫ በስተምዕራብ፣ ከዩድ አሌፍ ብዙ ሳይርቅ፣ በሐጼሪም የሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ማሽንን በሰነድ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ያሳያል። የአየር ኃይሉ አዛዥ የነበረው ዔዜር ዋይዝማን ያበረው ጥቁሩ ስፒትፋየር ከቼኮስሎቫኪያ የመጣ፣ በእንግሊዝ የተሠራ አውሮፕላን ነው፤ ሆኖም ባዕድ ትውልዱ ሳይደበቅ የአገሪቱ ቅርስ ተደርጎ በክብር ተይዟል። ለጦር አውሮፕላን የተደረገው ለሲቪል ፋብሪካ ሥራ የማይደረግበት ምክንያት የለም። በእስራኤል ሕግ 30 ዓመት ያለፈው መኪና «ሬኸቭ አስፓኖት»፣ ማለትም የሰብሳቢ መኪና ተብሎ ሊመዘገብ፣ የፈቃድ ክፍያውም ሊቀነስለት ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ምዝገባ የሚጠይቀው ዕድሜንና የአያያዝ ሁኔታን እንጂ የሥራውን ታሪክ አይደለም።

ስለዚህ ለሳብራ የሚያስፈልገው ለሕዝብ ክፍት የሆነ፣ በሻንሲ ቁጥር የተደራጀ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ መኪና በታምዎርዝ ወይም በሃይፋ መሠራቱ፣ በየትኛው ነጋዴ በኩል መጀመሪያ እንደ ተሸጠ፣ ተከታታይ ባለቤቶቹ በየትኛው አገር እንደ ነበሩ፣ የኮንሰል ሞተሩ በቦታው መኖሩ ወይም በሌላ መተካቱ ሳይሸፋፈን ሊሰፍር ይገባል። የተተካ ሞተር ነውር አይደለም፤ መለዋወጫው በማይገኝበት አገር መኪናውን በሕይወት ያቆየው ባለቤት ምናልባት ከሁሉ የበለጠ የደከመለት ሰው ነውና፣ የለወጠበት ዓመትና ምክንያት ከፋብሪካው ቀን እኩል በመዝገቡ ላይ ቦታ ሊያገኝ ይገባዋል። በሃይፋው ፋብሪካ ፋይበርግላሱን ለጥፈው፣ ሞተሩን ገጥመው፣ ቀለሙን ቀብተው ከነበሩት ሠራተኞች ዛሬም በሕይወት ያሉት ቃላቸው ተቀድቶ ከዚሁ መዝገብ ጋር መያያዝ ያለበት፣ እነርሱ ገና ሊጠየቁ በሚችሉበት በዚህ ጊዜ ነው።