ቤቱ ድኗል፣ ጎጆው ግን ፈርሷል

በጣሊያን ቶስካና ገጠር ቤት የሚያሻሽጡ ደላሎች የሚለጥፉት ማስታወቂያ አንዱ ከሌላው ብዙም አይለይም። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የገበሬ ቤት፣ ሙሉ በሙሉ የታደሰ። የድንጋይ ግድግዳ፣ የሸክላ ንጣፍ፣ የጥንቱ የእንጨት ወራጅ ያልተነካበት ጣሪያ። መዋኛ ገንዳ፣ ጥቂት የወይራ ዛፎች፣ በፈረንጅ ጥድ የታጀበ መግቢያ። በመጨረሻም የማይቀረው ቃል ይመጣል፦ ጸጥታ። ቤቱ ኪያንቲ በሚባለው የወይን አገር ከሆነ ዋጋው ብዙ ጊዜ ሚሊዮን ዩሮን ይሻገራል።

ፎቶው ያምራል፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ቤቱ የገበሬ ከሆነ ገበሬው የት ሄደ? ደላላው የማይነካት፣ ገዢውም የማይጠይቃት ጥያቄ ይህች ናት።

ገበሬ የኖረበት ቤት ጸጥ ብሎ አያውቅምና። ዛሬ ሶፋና ትልቅ ቴሌቪዥን የተቀመጠበት ምድር ቤት የበሬና የላም ጋጥ ነበር። ቤተሰቡ የሚኖረው ከላይ ነው፤ የከብቶቹ ትንፋሽ በብርዱ ወራት ወደ ላይ እየወጣ ያሞቀው ነበር። «የእንግዳ ማረፊያ» የተባለው ክፍል ድርቆሽ የሚከመርበት ነው። ወንበርና ጃንጥላ የተደረደረበት የድንጋይ ንጣፍ ደግሞ አውድማ ነበር፤ ስንዴ የተወቃበት፣ ጎረቤት በደቦ የተሰበሰበበት። አያት፣ ልጆች፣ ምራቶችና የልጅ ልጆች በአንድ ምድጃ ዙሪያ የሚበሉበት ቤት ነው። ያኔ ጸጥታ ቢሰማ ኖሮ ጎረቤት ምን ደረሰባቸው ብሎ ሮጦ በመጣ ነበር።

ያ ቤተሰብ ግን የቤቱ ባለቤት አልነበረም። ቶስካና ለብዙ መቶ ዓመታት የታረሰችው ሜዛድሪያ በሚባል ውል ነው። ቃሉ ከ«ግማሽ» የመጣ ነው፤ እኛ የእኩል እርሻ የምንለው ማለት ነው። ባለመሬቱ መሬቱንና ቤቱን ይሰጣል፣ ገበሬው ጉልበቱን ከነቤተሰቡ ያመጣል፣ ምርቱ እኩል ይከፈላል። ወረቀት ላይ ሲነበብ ፍትሐዊ ይመስላል። በተግባር ግን የባለመሬቱ ምስለኔ ሒሳቡን ይይዛል፣ በዓል ሲመጣ ዶሮና እንቁላል እጅ መንሻ ይቀርባል፣ በብዙ ቦታም ልጅ ለመዳር የባለመሬቱ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ውሉ ካልታደሰ ቤተሰቡ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ሌላ ባለመሬት ፍለጋ ይሄዳል።

ቤቶቹ በድንጋይ አምረው የተሠሩት ለገበሬው ታዝኖ ነው የሚል ካለም ይታረም። ከ1765 እስከ 1790 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቶስካናን የገዛው ፒዬትሮ ሌዮፖልዶ የእርሻ ቤቶች እንዲሻሻሉ ገፋፍቷል፤ ረግረጉ በደረቀው በቫል ዲ ኪያና ሜዳ የሚታዩት ሰፋፊ ቤቶች እስከ ዛሬ በስሙ ሌዮፖልዲኔ ይባላሉ። ፌርዲናንዶ ሞሮዚም በ1770 የገበሬ ቤት እንዴት መሠራት እንዳለበት የሚያትት መጽሐፍ አሳትሟል። ስሌቱ ግልጽ ነበር፦ ደህና ቤት ያለው ገበሬ ደህና ያርሳል፤ ደህና ካረሰ የባለመሬቱም ግማሽ ይወፍራል። ቤቱ እንደ በሬውና እንደ ማረሻው የእርሻው ዕቃ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበሬዎቹ ተደራጅተው ታገሉ። በ1947 የአራሹ ድርሻ ከግማሽ ወደ 53 ከመቶ ከፍ አለ። በ1964 አዲስ የሜዛድሪያ ውል መዋዋል በሕግ ተከለከለ፣ የቀሩት ውሎችም ድርሻ 58 ከመቶ ደረሰ። በ1982 ደግሞ የተረፉት ውሎች ወደ ኪራይ የሚቀየሩበት ሕግ ወጣ። ድል ነው፤ ግን ዘግይቶ የመጣ ድል። ሕጉ ሲደርስ ልጆቹ ፕራቶ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ፍሎረንስ ከተማ ገብተው ነበር። ጥቂቶቹ በብድር መሬት ገዝተው ቀሩ። የብዙዎቹ ቤት ግን ባዶውን ቀረ፣ ጣሪያው ወደቀ፣ በጋጡ ውስጥ ሾላ በቀለ።

ከዚያ የውጭ ገዢ መጣ። እንግሊዞች ከመብዛታቸው የተነሳ ኪያንቲን የእንግሊዝ አውራጃ አስመስሎ «ኪያንቲሻየር» የሚል የቀልድ ስም ወጣለት። አሜሪካዊቷ ፍራንሲስ ሜይስ በኮርቶና ያደሰችውን ቤት ታሪክ በ1996 በመጽሐፍ አወጣች፤ በ2003 ፊልም ሆነ፤ በቶስካና አሮጌ ቤት ገዝቶ ማደስ የብዙ ሀብታም ሕልም ሆነ።

እዚህ ላይ የሽያጩ ጠበቆች የሚያነሱት መከራከሪያ አለ፤ ቀላልም አይደለም። «ገበሬውን ማንም አላባረረውም፤ ጭቃውንና ድካሙን ጠልቶ ራሱ ወጣ። ቤቱ ሊፈርስ ሲል ገንዘቡን አፍስሶ ያዳነው የውጭ ሰው ነው። ግንበኛው ሥራ አገኘ፣ ምግብ ቤቱ ደንበኛ አገኘ። ፍርስራሽ ይሻላችኋል ወይ?»

ፍርስራሽ አይሻልም። ገበሬውም እውነት ነው በገዛ እግሩ ወጥቷል። ግን ሰው የማይወርሰውን ቤትና የራሱ የማይሆን መሬት ጥሎ ቢሄድ ምን ይገርማል? ለትውልዶች ከግማሽ በላይ ያልደረሰው ሰው ደመወዝ ሲያይ ቢሮጥ «መሬቱን አልወደደም» ማለት ስድብ ነው። ዛሬ በሚሊዮን የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነም ይታሰብ። ገዢው የሚከፍለው ለድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ ለመልክዓ ምድሩ ነው። ያንን ኮረብታ በእርከን የደገፈው፣ ወይራውን የተከለው፣ ቦዩን የቆፈረው ያው የእኩል አራሽ ነው። ዋጋው ሲወጣ ግን ለእሱ ዘር ሳንቲም አልደረሰም። በሥራው ግማሹን ይወስድ ነበር፤ በትዝታው ላይ ግን ድርሻው ባዶ ነው።

መንግሥትስ ከማን ጎን ቆመ? ጣሊያን ከ2017 ጀምሮ መኖሪያውን ወደ አገሯ የሚያዛውር ሀብታም ከጣሊያን ውጭ ያለው ገቢ የቱንም ያህል ቢሆን በዓመት 100,000 ዩሮ ከፍሎ እንዲገላገል ፈቀደች፤ በ2024 ለአዲስ ገቢዎች ክፍያው 200,000 ሆነ። በዚያው አገር ወይኑን ከሚለቅሙት ብዙዎቹ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ናቸው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሰው ዜግነት ለመጠየቅ 10 ዓመት በሕጋዊነት መኖር አለበት። ይህ ወደ 5 ዓመት እንዲወርድ በሰኔ 2025 የቀረበው ሕዝበ ውሳኔ ከግማሽ በላይ መራጭ ስላልወጣ ወደቀ። ጣሊያን ለአሥርት ዓመታት አዛውንት ሲጦሩና ቤት ሲያጸዱ የኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይህን ሚዛን ከማንም በላይ ያውቁታል። ዝም ብሎ የሚኖርባት ይጋበዛል፤ የሚሠራባት ወረፋ ይጠብቃል።

መፍትሔው የውጭ ሰውን መጥላት አይደለም። ሚላን ተቀምጦ በዓመት ሦስት ሳምንት ብቻ መስኮቱን የሚከፍተው ጣሊያናዊም ያው ነው። ችግሩ ቤቱን ከእርሻው መነጠል ነው። የጣሊያን ሕግ ራሱ ለዚህ ፍንጭ አለው፦ በ1965 እና በ1971 በወጡ ሕጎች መሰረት የእርሻ መሬት ሲሸጥ ተከራይቶ የሚያርሰው ገበሬ፣ እሱ ከሌለ በገዛ እጁ የሚያርስ ጎረቤት፣ የመግዛት ቅድሚያ አለው። ቤቱ ከመሬቱ ተነጥሎ ሲሸጥ ግን ያ ቅድሚያ አብሮት አይሄድም። መሬቱ ለትልቅ የወይን ድርጅት፣ ቤቱ ለዕረፍት ፈላጊ ይሄዳል፤ ገበሬ ልሁን የሚል ወጣት ቢመጣ የሚያርሰው ቢያገኝ እንኳን የሚያድርበት አያገኝም።

በሰሜን ጣሊያን በደቡብ ቲሮል ሌላ መንገድ አለ። እዚያ «ማዞ ኪዩዞ»፣ የተዘጋ እርሻ፣ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ቤቱ፣ በረቱና መሬቱ አንድ አካል ናቸው፣ ያለ ልዩ ፈቃድ አይነጣጠሉም፣ የሚወርሰውም አንድ ሰው ነው። ጉድለት የለውም አይባልም፤ ከወራሹ ውጭ ያሉትን ልጆች ቅር ያሰኛል። ነገር ግን በዚያ ተራራ ላይ በረቱ ዛሬም በረት ነው፤ ቤቱም ከሚያርሰው ሰው ጋር ቆሟል። ቶስካናም ቃል በቃል ባትገለብጠው መርሁን መውሰድ ትችላለች። የአራሹ ቅድሚያ ቤቱንም ይጨምር፤ ለእድሳት የሚሰጥ የሕዝብ ገንዘብም ዓመቱን ሙሉ ሰው ለሚኖርበት ቤት ብቻ ይሁን።

ይህ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የኢትዮጵያን ጭሰኛ ከባላባቱ ሲያላቅቅ፣ ጥያቄው አራሹ ከሚያርሰው መሬት ጋር ይቆይ የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ መልካም አልነበረም፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። ዛሬ በየመዝናኛው በሣር የተከደነ ጎጆ ለእንግዳ ሲሠራ፣ ባለ ጎጆው ገበሬ ግን ካሳ ተቀብሎ ወደ ከተማ ዳር ሲገፋ ዝም የሚል ሰው የቶስካናን ፎቶ ደግሞ ይየው። መጨረሻው ያው ነው፦ ቅርሱ ይቀራል፣ ወራሹ ይጠፋል።

ስለዚህ አንድ አሮጌ የገበሬ ቤት «ዳነ» ከመባሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ። በብርዱ ወር ጭስ ይወጣበታል? በዙሪያው ያለውን መሬት የሚያርሰው ሰው ማታ የሚያድረው የት ነው? መንደሩ ውስጥ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ አለው? ለሦስቱም መልስ ከሌለ የዳነው ድንጋዩ ብቻ ነው። ድንጋይ ደግሞ ገበሬው ሳይመጣም እዚያው ኮረብታ ላይ ነበር።